የማጠቃለያ ፈተና መርሐ ግብር አወጣጥ፦ በጎጃም ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ የፈተና አስተባባሪዎች

በትምህርት ክፍል ደረጃ ለፈተና አስተባባሪነት የሚመደበው ብዙ ጊዜ በቅርቡ የተቀጠረ መምህር ነው። የምደባ ደብዳቤው ሲደርሰው አብሮ የሚረከበው የአምናው ሴሚስተር የኤክሴል ሰንጠረዥ ብቻ ስለሚሆን፣ ቀኑን ቀይሮና የመምህራኑን ስም አስተካክሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ የሚበቃ ይመስለዋል። የችግሩ መነሻም ያው ሰንጠረዥ ነው። የተሠራው ለአምና ተማሪዎች በመሆኑ፣ ዘንድሮ ኮርስ የሚደግሙት፣ አቋርጠው የተመለሱት፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወሩት በውስጡ የሉም። ይህ መመሪያ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ ወይም እንጅባራ ላይ ይህ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተሰጠዎት የተጻፈ ሲሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው መርሐ ግብሩ ከሴክሽን ስም ሳይሆን ከእያንዳንዱ ተማሪ የምዝገባ መረጃ እንዲነሣ ነው።

ደንቡን ማንበብ

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 በሥራ ላይ ቢሆንም፣ በቀን ስንት ፈተና እንደሚፈቀድ ወይም የማካካሻ ፈተና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚጠየቅ የሚነግርዎ እሱ አይደለም። እነዚህ ዝርዝሮች የሚገኙት በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሌጅስሌሽን (ሴኔቱ በሚያወጣው የዩኒቨርሲቲው የውስጥ ደንብ) ውስጥ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የተማረ ሰው ደብረ ማርቆስ ተቀጥሮ «እኛ ጋ እንዲህ ነበር» ብሎ ቢከራከር አያዋጣውም። የተቋምዎን ሌጅስሌሽን ከሬጅስትራር ወይም ከኮሌጁ ዲን ቢሮ ይውሰዱና የፈተናን ክፍል ብቻ እንኳ በጥንቃቄ ያንብቡት። የሚፈልጉት መርሐ ግብሩን የሚያጸድቀው ማን እንደሆነ፣ ከጸደቀ በኋላ ለውጥ የሚፈቅደው ማን እንደሆነ፣ ለአንድ ተማሪ በአንድ ቀን የሚፈቀደው የፈተና ብዛት፣ እንዲሁም ፈተና ያመለጠው ተማሪ የሚስተናገድበት ሥርዓት ነው። ደንቡ በግልጽ ያልመለሰው ነገር ካገኙ የኮሌጁን ውሳኔ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በኮሪደር ላይ የተነገረ ቃል በፈተናው ሳምንት አያስጥልም።

ከደንቡ ቀጥሎ የሚያስፈልግዎ የዓመቱ የአካዳሚክ ካላንደር ነው። ሴሚስተሩ በተለምዶ 16 ሳምንት ሆኖ ይታቀዳል፤ የማጠቃለያ ፈተናው የሚሰጥባቸው ቀናትና ውጤት የሚገባበት የመጨረሻ ቀንም በካላንደሩ ላይ ተለይተው ይቀመጣሉ። እርስዎ ቀን መደልደል የሚችሉት በእነዚህ ቀናት መካከል ብቻ ነው። ክፍለ ጊዜው አላለቀም ብሎ ፈተናውን ካላንደሩ ካስቀመጠው ሳምንት ለማሳለፍ የሚጠይቅ መምህር ቢመጣ ጥያቄው የሚመለከተው ሬጅስትራርንና ኮሌጁን እንጂ እርስዎን አይደለም፤ እንዲህ ብሎ መመለስ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ከካላንደሩ ላይ የሚነሡ ቀናት

የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ጥር አካባቢ ሲውል በዓላቱ በላይ በላዩ ይደራረባሉ። ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ስለሚሆን በየአራት ዓመቱ የአምናውን ሰንጠረዥ የሚገለብጥ አስተባባሪን ያሳስታል። ጥር 11 ጥምቀት ሲሆን፣ ጥር 10 ከተራና ጥር 12 ቃና ዘገሊላ በመንግሥት የሥራ መዝጊያ ውስጥ ባይቆጠሩም ተማሪውም መምህሩም ታቦት የሚያጅቡባቸው ቀናት ናቸው። በነዚህ ቀናት ፈተና ማድረግ ደንብ አይከለክልም ይሆናል፤ ቢሆንም ሌላ ቀን እያለ እነዚህን መምረጥ ማስተዋል የጎደለው ሥራ ነው። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ናት። እንጅባራ ላይ ደግሞ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ዓመታዊ በዓል ስለሚከበር ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ከዳንግላ ወይም ከቻግኒ ተመላልሰው የሚማሩ የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች በዚያ ሰሞን መኪናም ማደሪያም በቀላሉ አያገኙም።

ስቅለትና ፋሲካ በየዓመቱ ቦታቸውን ይለውጣሉ። ኢድ አልፈጥርና ኢድ አልአድሐ (አረፋ) ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብለው ስለሚመጡ፣ ቀናቸውም በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን፣ ከሚጠበቀው ቀን በፊትና በኋላ ያለውን ቀን ከከባድ ፈተና ነጻ ማድረግ ይሻላል። በረመዳን የሚጾሙ ተማሪዎች ካሉ ጠዋት የተሰጠ ፈተና ከሰዓት በኋላ ከተሰጠው ይቀላቸዋል። አርብን በተመለከተ ያለው መፍትሔ ቀላል ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አርብ ከ5:30 እስከ 7:30 እንደሚያርፉት ሁሉ፣ የጠዋቱ ፈተና ከ5:30 እንዳያልፍ፣ የከሰዓቱም ከ8:00 በፊት እንዳይጀምር ማድረግ በቂ ነው። ቅዳሜን በተመለከተም የአድቬንቲስት ተማሪዎች መኖራቸውን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጥቂት ናቸው ተብሎ ሲታለፍ በፈተናው ዋዜማ ማመልከቻ ይዘው መምጣታቸው አይቀርም።

የሁለተኛው ሴሚስተር ችግር ሌላ ነው። ከ2015 ጀምሮ ተመራቂ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ስለሚወስዱና ፈተናው በኮምፒውተር ስለሚሰጥ፣ የኮምፒውተር ክፍሎቹ በዚያ ሳምንት ለእርስዎ አይሆኑም። የተመራቂዎቹ ማጠቃለያ ፈተናም ቢቻል ከመውጫ ፈተናው በፊት ትንፋሽ የሚሰጥ ጊዜ ተርፎ መጠናቀቅ አለበት። በዚያው በ2015 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀምሯል። ተፈታኞቹ ግቢው ውስጥ የሚያድሩ ከሆነ የእርስዎ ተማሪዎች ዶርሙንና ካፌውን ለቀው መውጣት ስላለባቸው፣ ሰኔ ላይ አንድ ቀን ማስተላለፍ ጥር ላይ ከማስተላለፍ በእጅጉ ይከብዳል። ስለዚህ በሁለተኛው ሴሚስተር ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ያቅዱ፤ በመጨረሻም ሁለት ቀን ለመጠባበቂያ ባዶ ይተዉ። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በጸጥታ ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸውን ሳምንታት ያየ አስተባባሪ እነዚህን ሁለት ቀናት ቅንጦት አይላቸውም።

ስለ ዝናቡም አንድ ነገር ልበል። በሰኔ መጨረሻ የጎጃም ዝናብ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ አዳራሽ ውስጥ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ ፈታኙ ቆሞ ቢጮህ እንኳ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለው ተማሪ አይሰማውም፤ በጥያቄ ወረቀቱ ላይ የታየ ስሕተት በቃል ሊታረም አይችልም፣ የእንግሊዝኛ የማዳመጥ ፈተና ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። መብራት የሚሄደውም ያኔ ነው። የማዳመጥ፣ የኮምፒውተርና የላብራቶሪ ፈተናዎችን ጠዋት ያድርጓቸው።

ግጭትን ከምዝገባ ዝርዝር ማግኘት

ዋናው ሥራ ይህ ነው። የአድና ድሮፕ (ኮርስ የመጨመሪያና የመጣያ) ጊዜ እንዳለፈ ከሬጅስትራር የሚጠይቁት የተማሪ መታወቂያ ቁጥርና የኮርስ ኮድ በሁለት ዓምድ የያዘ ዝርዝር ነው፤ አንድ ተማሪ ስድስት ኮርስ ከያዘ ስድስት መስመር ይኖረዋል። የሴክሽን ዝርዝር ብቻ ከተሰጠዎ አይቀበሉ፤ ምክንያቱም የሚቸገሩት ተማሪዎች በሴክሽን ዝርዝር ውስጥ አይታዩም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ትምህርት ክፍልዎ ለሁለተኛ ዓመት ስድስት፣ ለሦስተኛ ዓመት ስድስት፣ በድምሩ 12 ኮርስ ይሰጣል እንበል። ከእነዚህ ሁለት ሁለቱን እያጣመርን ብንቆጥር 66 ጥምረት ይኖራል፤ እያንዳንዱም ጥምረት ሁለቱን ኮርሶች አንድ ላይ የያዘ ተማሪ አለ ወይ የሚል ጥያቄ ያስነሣል። በሴክሽን የሚያስብ ሰው የሁለተኛ ዓመቱን ስታቲስቲክስ ሰኞ ጠዋት፣ የሦስተኛ ዓመቱን የምርምር ዘዴም ሰኞ ጠዋት ቢያደርግ የሚጋጩ አይመስሉትም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ስታቲስቲክስ የወደቀች የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ኮርሱን ከታናናሾቿ ጋር እየደገመች ሊሆን ይችላል። እሷ ሰኞ ጠዋት ሁለት ክፍል ውስጥ መቀመጥ አለባት። የሁለተኛ ዓመቶቹ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ስለሌለች ስለ ለውጡ ሳትሰማ የምትቀረውም እሷ ናት። መርሐ ግብር ሲበላሽ አስቀድሞ የሚጎዳው አንድ ጊዜ የተሰናከለ ተማሪ መሆኑ ሥራውን ከቢሮ ጣጣነት አልፎ የፍትሕ ጉዳይ ያደርገዋል።

ድልድሉን ከየት እንደሚጀምሩ የሚጠቁም ጠቃሚ ዘዴ አለ። ችግሩ በሒሳብ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ ዌልሽና ፓውል የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1967 እ.ኤ.አ. ለጊዜ ድልድል ያቀረቡት መንገድ እስከ ዛሬ ለትምህርት ክፍል ደረጃ ይበቃል። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ኮርስ ከስንት ሌሎች ኮርሶች ጋር ተማሪ እንደሚጋራ ቆጥረው፣ ብዙ ከሚጋጨው ወደ ጥቂቱ በቅደም ተከተል ይጽፏቸዋል። ከዚያ የመጀመሪያውን ኮርስ በአንድ የፈተና ሰዓት ላይ አስቀምጠው፣ ዝርዝሩን ወደ ታች እየወረዱ በዚያ ሰዓት ከገቡት ከማንኛቸውም ጋር የማይጋጨውን ሁሉ እዚያው ይጨምራሉ። ዝርዝሩ ሲያልቅ ወደ ሁለተኛው ሰዓት አልፈው ባልተደለደሉት ኮርሶች ላይ ያንኑ ይደግማሉ። ሰው በልማድ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ቀላሎቹን ኮርሶች ፈጥኖ ይደለድልና ከሁሉም ጋር የሚጋጨው ኮርስ መጨረሻ ላይ ቦታ ያጣል።

ከዚህ በፊት ግን በእርስዎ እጅ የሌሉትን ኮርሶች ይትከሉ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሎጂክና ሌሎች የጋራ ኮርሶች ብዙ ሴክሽን በአንድ ጊዜ የሚፈተንባቸው ስለሆኑ ቀናቸውን የሚወስነው ኮሌጁ ወይም ኮርሱን የሚሰጠው ትምህርት ክፍል ነው። ብዙ ተማሪ ያለባቸውን ኮርሶች ወደ ፈተናው መጀመሪያ መሳብም ይጠቅማል፤ ሦስት መቶ ወረቀት የሚያርም መምህር የመጨረሻው ቀን ላይ ከተጣለ ውጤት በጊዜ አያስገባም፣ የተመራቂ ኮርስ ከሆነ ደግሞ ለሴኔት የሚቀርበውን የተመራቂዎች ዝርዝር ያዘገያል።

ድልድሉ ሲያልቅ ማጣራቱ በኤክሴል አጭር ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ የፈተና ሰዓት ቁጥር ይስጡ፤ በምዝገባ ዝርዝሩ ላይ ሦስተኛ ዓምድ ከፍተው የየኮርሱን የሰዓት ቁጥር በቪሉክአፕ (VLOOKUP፣ ከሌላ ሰንጠረዥ ፈልጎ በሚያመጣው ቀመር) ይሙሉ፤ ከዚያም ፒቮት ቴብል (ዝርዝሩን ቆጥሮ የሚያጠቃልል የኤክሴል ሰንጠረዥ) ሠርተው የተማሪውን ቁጥር በረድፍ፣ የፈተና ሰዓቱን በዓምድ ያድርጉ። በማንኛውም ሳጥን ውስጥ ከ1 በላይ ቁጥር ከታየ ያ ተማሪ በአንድ ሰዓት ሁለት ፈተና አለበት ማለት ነው። ዓምዱን ከሰዓት ወደ ቀን ለውጠው ሲደግሙት ደግሞ በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ፈተና የተደራረበባቸውን ያገኛሉ። ደንብዎ በቀን ሁለት ቢፈቅድም ሁለቱ ከባድ ኮርሶች እንዳይሆኑ መጠንቀቅ የአስተባባሪው ፈንታ ነው።

ክፍል፣ ፈታኝና ማባዣ

ክፍሎቹን በተመዘገበው ተማሪ ቁጥር ሳይሆን በተራራቀ አቀማመጥ ይቁጠሩ፤ ለትምህርት 60 ወንበር የሚይዝ ክፍል ለፈተና 30 ሰው ብቻ ሊይዝ ይችላል። ዐይነ ስውር ተማሪ ካለ አንባቢና ጸሐፊ፣ የተለየ ክፍልና ተጨማሪ ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ተጨማሪው ሰዓት የሚቀጥለውን ፈተና እንዳይነካ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። በዊልቸር የሚሄድ ተማሪን ምድር ቤት ይመድቡ። ባሕር ዳር ላይ ከፔዳ ግቢ ወደ ፖሊ ግቢ ወይም ከአባይ ማዶ ወዳለው ዘንዘልማ ግቢ ተሻግሮ የሚፈትን መምህር ካለ፣ በሁለቱ ፈተናዎች መካከል የሰርቪስ ሰዓት መኖሩን ያረጋግጡ። የጥያቄ ወረቀቱን በተመለከተ፣ መብራት በፈተናው ጠዋት ቢጠፋ ማባዣው ስለሚቆም፣ ወረቀቱ ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ተባዝቶና ታሽጎ እንዲቀመጥ ያድርጉ።

ረቂቁን መለጠፍ

መርሐ ግብሩ ሳይጸድቅ በፊት «ረቂቅ» የሚል ቃል በትልቁ ተጽፎበት ይለጠፍ፤ አስተያየት የሚቀበሉበት የመጨረሻ ቀንና ሰዓትም ከሥሩ ይታከል። በዚህ ደረጃ የመጣ ቅሬታ በአንድ ሳጥን ለውጥ ሲመለስ፣ ከጸደቀ በኋላ የመጣው ግን ደብዳቤ፣ ስብሰባና ፊርማ ይጠይቃል። በቴሌግራም መልቀቁ መልካም ነው፤ ኔትወርክ ሲቋረጥም የሚነበብ ወረቀት በትምህርት ክፍሉ፣ በቤተ መጻሕፍቱና በካፌው በር ላይ መኖር አለበት። ኮርስ የሚደግሙትንና ከሴክሽን ውጪ ያሉትን በስልክ ማሳወቅ ሥራ ቢያበዛም የተሻለ መንገድ የለውም።

በአጻጻፉ ላይ አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ብዙ ሰው አሳስታለች፤ የሰዓት ጉዳይ። የጠዋቱ ፈተና በእኛ አቆጣጠር 2:30 ሲጀምር ኮምፒውተሩ 8:30 ይለዋል፤ ከሰዓት በኋላ 8:30 የሚጀምረውን ደግሞ 2:30 ይለዋል። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታቸውን ስለሚለዋወጡ፣ ሰንጠረዡ ላይ «8:30» ብቻ ከተጻፈ ጠዋት የሚመጣውም ከሰዓት የሚመጣውም ተማሪ ትክክል ነኝ ይላል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። «ከጠዋቱ 2:30» ወይም «ከቀኑ 8:30» ብለው በፊደል ይግለጹት። ቀኑንም ከነዕለቱ፣ ወሩን በስሙ ይጻፉ፤ የፈረንጆቹን ቀን መጨመር ካስፈለገ በተለየ ዓምድ ይሁን። ጥር 20 በአብዛኛው ዓመት ከጃንዋሪ 28 ጋር የሚገጥም መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንኳ በችኮላ ሲያነብ «20»ን ብቻ አይቶ ይሳሳታል።

ከጸደቀ በኋላ የሚመጡ የለውጥ ጥያቄዎች

በጣም የተለመደው ጥያቄ የክፍል ተወካይ ይዞት የሚመጣው የፊርማ ወረቀት ነው፦ «ሁላችንም ተስማምተናል፣ ሐሙስ የነበረው ወደ ቅዳሜ ይዛወርልን»። መምህሩም ተስማምቶ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ወረቀቱ ላይ የፈረሙት ብዙዎቹ የሴክሽኑ ልጆች ሲሆኑ፣ ኮርሱን ከሌላ ሴክሽን መጥቶ የሚወስደው አልፈረመም፤ ሌላ ፈተና ያለበትም በብዙኃኑ ፊት እጁን ለማንሣት ሊያፍር ይችላል። ስለዚህ ፊርማውን ከተመዘገቡት ተማሪዎች ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ፤ አዲሱን ቀን በፒቮት ቴብሉ ላይ እንደገና ያጣሩ፤ አንድም ተማሪ የሚጋጭበት ከሆነ ጥያቄው እዚያው ያበቃል። ካልተጋጨ ወደሚያጸድቀው አካል ይላኩት እንጂ በራስዎ አይፍቀዱ። መምህርና ተማሪ በቃል ተስማምተው ያዛወሩት ፈተና፣ ክርክር ሲነሣ በደንቡ ፊት የተሰጠ ፈተና ሆኖ ላይቆጠር ይችላል።

የማካካሻ ፈተና

ማካካሻ ፈተና የሚሰጥበትን ቀን መርሐ ግብሩ ውስጥ ከመጀመሪያው ያስገቡት፤ ሳይታሰብ ከቀረ ተማሪው በሚቀጥለው ሴሚስተር መካከል ይፈተንና ውጤቱ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ለታመመ ተማሪ ማስረጃው ከተማሪዎች ክሊኒክ፣ ከግቢ ውጪ ከታከመም ከታከመበት ጤና ተቋም የተሰጠና ቀኑን በግልጽ የሚያሳይ ይሁን። ማመልከቻው በደንቡ በተወሰነው የጊዜ ገደብ ውስጥ በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት እንዲገባ ለተማሪዎቹ አስቀድመው ይንገሩ፤ በእጅ ለመምህር የተሰጠ ወረቀት ሲጠፋ ማስረጃ አይኖርም።

ከባዱ ጉዳይ ለቅሶ ነው። ደንቦች የቅርብ ዘመድ ሲሉ ብዙ ጊዜ አባትን፣ እናትን፣ ወንድምና እህትን፣ የትዳር ጓደኛንና ልጅን ያስባሉ። ከብቸና ወይም ከሞጣ ገጠር የመጣ ተማሪ ግን ያሳደገው አያቱ ወይም አጎቱ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ያ ሰው አባቱ ነው። ደንቡ ሲጠብ አስተባባሪው በራሱ ሊያሰፋው አይችልም፤ ይሁን እንጂ ከቀበሌው አሳዳጊነቱን የሚገልጽ ደብዳቤ አስመጥቶ ጉዳዩን በትምህርት ክፍሉ ጉባኤ እንዲታይ ማቅረብ ይችላል። «ዝርዝሩ ውስጥ የለም» ብሎ ከበር መመለስ ግን ተገቢ አይመስለኝም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ረቂቁን፣ የጸደቀውን፣ የተለወጠውንና የለውጡን ፈቃድ ከነቀናቸው በአንድ ፋይል አስቀምጠው ለሚተካዎ አስተባባሪ ያስረክቡ፤ ከሰንጠረዡ ጋር የማጣሪያውን የኤክሴል ቀመር አብረው ይስጡት።